ባሱን እንደ ሙያ፦ «ተጫዋቹ ጥቂት ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው» የሚባለው እውነት ነው?

እናት_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ክላሪኔት ሲጫወት ቆይቶ ላለፉት ሁለት ዓመታት የትምህርት ቤቱን ባሱን (ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ረጅም የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ) እየተዋሰ ይጫወታል። አሁን 11ኛ ክፍል ገብቷል፤ «ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት) ገብቼ የኦርኬስትራ ባሱን ተጫዋች እሆናለሁ» ብሎ ቆርጧል። እኔና አባቱ እሺም እምቢም ከማለታችን በፊት ነገሩን ማወቅ እንፈልጋለን።

የምናማክረው ሰው ሁሉ «ባሱን የሚጫወት ጥቂት ነው፤ ስኮላርሺፑም ሥራውም አያስቸግርም» ይለናል። እውነት ነው? ሁለተኛ፣ ያገለገለ የእንጨት ባሱን በ6,500 ዶላር የሚሸጥ አግኝተናል፤ ከመክፈላችን በፊት ምን ምኑን እንይ? ሦስተኛ፣ ሪድ የሚሉት፣ አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋው የሸንበቆ ቁራጭ፣ አንዱ 30 ዶላር ገደማ ነው፤ በወር ሁለት ሦስት ይጨርሳል። አስተማሪው ደግሞ «ከአሁኑ ራሱ መሥራት ይጀምር» አለን። ይህ አሁን የግድ ነው ወይስ ቆይቶ የሚደርስበት? ሥራውስ ቢገኝ የሳምንቱ ውሎ ምን ይመስላል? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሁለተኛ_ወንበር፦

እህቴ፣ የሚሉዎት ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል።

እውነቱ ስኮላርሺፑ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና ኮንሰርቫቶሪዎች ኦርኬስትራቸው እንዳይጎድል በየጊዜው ባሱን ይፈልጋሉ፤ አመልካቹ ከቫዮሊንና ከፍሉት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥሩ የሚጫወት ልጅ የተሻለ ገንዘብ ይቀርብለታል። ፊላደልፊያ ያለው ከርቲስና ሎስ አንጀለስ ያለው ኮልበርን ደግሞ ያለፈውን ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ግን በአንድ ጊዜ የሚይዙት ባሱን በጣት የሚቆጠር ነው፤ እዚያ መግባት ራሱ ትልቅ ውድድር ነው።

ሥራው ሌላ ሒሳብ ነው። አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ያለው የባሱን ወንበር ሦስት ወይም አራት ነው፦ ቀዳሚው፣ ቀዳሚውን የሚተካው፣ ሁለተኛውና ኮንትራባሱኑ (ድምፁ ይበልጥ የሚወርደው ትልቁ ባሱን)። አነስ ያለ ኦርኬስትራ ሁለት ብቻ ይኖሩታል። ወንበር የሚከፈተው ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይም ወደ ሌላ ሲሄድ ብቻ ነው። በርናርድ ጋርፊልድ የፊላደልፊያ ኦርኬስትራን ቀዳሚ ወንበር ከ1957 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ይዞት ነበር። ጁዲት ለክሌር የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን ቀዳሚ ወንበር በ1981 በ23 ዓመቷ አግኝታ ከ40 ዓመት በላይ ተጫውታበታለች። አንድ ወንበር ተይዞ ሳለ ስንት ትውልድ ተመርቆ እንደሚወጣ ከዚህ ይገምቱ። የመሣሪያው ብርቅነት ትምህርት ቤት ያስገባል እንጂ ኦርኬስትራ አያስገባም።

ኦዲሽኑ (የቅጥር ፈተናው) እንዲህ ነው። ማስታወቂያው በሙዚቀኞች ማኅበሩ ጋዜጣ ይወጣል። አመልካቹ የሥራ ታሪኩን ይልካል፤ ኦርኬስትራው አንዳንዴ የድምፅ ቅጂ ይጠይቃል። ከዚያ የሚዘጋጁ ቁርጥራጮች ዝርዝር ይመጣል፤ ከኦርኬስትራ ሥራዎች የተወሰዱ ከ15 እስከ 25 የሚደርሱ አጫጭር ቦታዎች ማለት ነው። የአውሮፕላኑም የሆቴሉም ወጪ የአመልካቹ ነው። የመጀመሪያው ዙር በመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ጫማ ተሰምቶ ጾታ እንዳይታወቅ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ተጫዋቹ አይናገርም፣ ጥያቄ ካለው አብሮት ላለው አስተናጋጅ ይንሾካሾካል። ኮሚቴው ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ሰው ተመርጠው ለመጨረሻው ዙር የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። አንዳንዴ ማንም ሳይመረጥ ይዘጋል። የተመረጠውም ቢሆን አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሙከራ ጊዜ አለበት፤ ቋሚነት የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የሞዛርት የ1774 የባሱን ኮንሰርቶ መጀመሪያ ሳይጠየቅ የሚያልፍበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ከቁርጥራጮቹ ሁሌም የሚመጡት የ«ፊጋሮ» መግቢያ፣ የቤትሆቨን 4ኛ ሲምፎኒ መጨረሻ፣ የቻይኮቭስኪ 6ኛ መክፈቻ፣ የሪምስኪ ኮርሳኮቭ «ሸኽራዛድ»፣ የራቬል «ቦሌሮ» እና የስትራቪንስኪ «የጸደይ በዓል» መክፈቻ ናቸው። እያንዳንዱ የሚፈትነው ነገር አለ። «ፊጋሮ» የጣት ፍጥነት ይመስላል፤ የሚጥለው ግን ጸጥታው ነው፤ በጣም ፈጣኑን ሩጫ በሹክሹክታ መጫወት አለበት፣ ልጆች ሲያፋጥኑ ድምፁም አብሮ ይጮኻል። ቻይኮቭስኪ 6ኛ ከታችኛው ኢ ኖታ ላይ በባዶ ጸጥታ ይጀምራል፤ ሪዱ ጠንካራ ከሆነ ድምፁ ዘግይቶ «ፉክ» ብሎ ይወጣል፣ ለስላሳ ከሆነ ይወርዳል። «ቦሌሮ» ላይ ደግሞ ባሱኑ ወደ ላይኛው ዲ ፍላት ይወጣል፤ ከንፈር የደከመ ሰው እዚያ ያንቃል። ኮሚቴ መጀመሪያ የሚጥለው ሪትም የሚያወላግደውን ነው፣ ቀጥሎ ቃናው ከፍ ዝቅ የሚለውን። የድምፁ ውበት የሚለየው ሁለቱን ያለፉትን ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጁ በዚህ ዓመት ቢሠራው የምመክረው፦ በየቀኑ 20 ደቂቃ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ)፣ ሜትሮኖሙ የሚመታው ግን በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ብቻ ይሁን። 15 ደቂቃ ረጃጅም ድምፅ ከቲዩነር (ቃና ከሚለካ መሣሪያ) ጋር፣ ከጸጥታ ተነሥቶ ወደ ጸጥታ የሚመለስ። ከዚያ በኋላ ነው ኮንሰርቶው። በስልክ ይቅዳና በማግሥቱ ይስማው፤ በዕለቱ ሲሰማው ጣቱ የሚያስታውሰውን እንጂ የተጫወተውን አይሰማም።

ሁለት ነገር ልጨምር። በ2018 ስፊንክስ የተባለው ድርጅት፣ የኒው ወርልድ ሲምፎኒና የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ማኅበር አብረው ለጥቁርና ለላቲኖ ሙዚቀኞች የኦዲሽን ድጋፍ መሥርተዋል፤ የጉዞ ገንዘብ፣ ስልጠናና አማካሪ ይሰጣል። ልጁ ሲደርስ ያመልክት። ደግሞ ዋሽንግተን አጠገብ ስለሆናችሁ የወታደራዊ ባንዶቹን አትዘንጉ። የማሪን ባንድ ባሱን አለው፤ ቋሚ ደመወዝ፣ ሕክምናና ጡረታ አለው፣ የሚገባው ሙዚቀኛ የማሪን መሠረታዊ ስልጠና አይወስድም። የሠራዊቱ ባንድ ግን ስልጠናውን ይጠይቃል። ኦዲሽኑ ከኦርኬስትራው አይቀልም።

ሸንበቆና_ሞረድ፦

የሪዱን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የዚህ ሙያ ልቡ እሱ ነውና።

እህቴ፣ አስተማሪው ልክ ነው። ምክንያቱ ገንዘቡ አይደለም። የተገዛ ሪድ የተሠራው ለሌላ ሰው ከንፈር፣ ለሌላ ሰው ቦካል (ሪዱ የሚሰካበት ጠማማ የብረት ቱቦ) እና ለሌላ ከተማ አየር ነው። ልጁ ሪድ ማስተካከል ካልቻለ ችግሩ የእሱ ይሁን የሪዱ መለየት አይችልም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በመጥፎ ሪድ ምክንያት ከንፈሩን ሲያጠብ የኖረ ተማሪ ያን ልማድ ለመተው ሌላ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። አንድ ባለሙያ በሳምንት ከሦስት እስከ ስምንት ሰዓት ሪድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የሥራ ሰዓቱ አካል ነው።

ሪዱ የሚሠራው አሩንዶ ዶናክስ ከሚባል ሸንበቆ ነው። ስመ ጥሩ ደቡብ ፈረንሳይ ቫር በሚባለው አካባቢ የሚበቅለው ነው። ውፍረቱ ወደ 25 ሚሊሜትር የሆነው ቱቦ ለአራት ይሰነጠቃል፣ ውስጡ 1.2 ወይም 1.3 ሚሊሜትር እስኪቀር ይቦረቦራል፣ ቅርጽ ይወጣለታል፣ ቅርፊቱ መሐል ላይ ይነሣል። ይህን ሁሉ በማሽን የተሠራ አድርገው ይሸጡታል፤ ልጁ መጀመር ያለበት ከዚህ ከተዘጋጀው ነው። መቦርቦሪያና መላጊያ ማሽን አሁን አትግዙ፤ እያንዳንዱ ከሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ኮንሰርቫቶሪው ውስጥ ያገኘዋል።

የሚያስፈልገው፦ ሁለት ሦስት ማንድሬል (ሪዱ የሚቀረጽበት ሾጣጣ ብረት)፣ 0.64 ሚሊሜትር የነሐስ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ጥሩ ቢላ፣ ጠፍጣፋ ደቃቅ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት 400 እና 600 ቁጥር፣ በሁለቱ ምላሶች (የሚንቀጠቀጡት የሪዱ ሁለት ቀጫጭን ገጾች) መካከል የሚገባ ጠፍጣፋ ሳህን፣ ሪመር (የሪዱን ቱቦ ከውስጥ የሚሰረስር መሣሪያ)፣ የጥጥ ክርና ማስመሪያ። ሁሉም ተደምሮ ወደ 250 ወይም 300 ዶላር ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ሪመሩን በርካሽ አትግዙ፤ ሾጣጣነቱ ከቦካሉ ጋር ካልገጠመ ሪዱ አየር ያፈሳል፣ ልጁ ደግሞ ምላሱን በከንቱ ሲፍቅ ይውላል።

አሠራሩ፦ ሸንበቆው ለብ ባለ ውሃ 30 ደቂቃ ይነከር። ቱቦ በሚሆነው ክፍል ላይ ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ በእያንዳንዱ በኩል ስድስት ሰባት ቀጭን መስመር ያስምርበት፤ ሲጠቀለል በዚያ መስመር እንዲሰነጠቅ ነው፣ ያለዚያ እስከ ምላሱ ይሰነጠቃል። መሐል ላይ አጥፎ ሽቦዎቹን ላላ አድርጎ ያስር። ቱቦው 27 ሚሊሜትር፣ ምላሱ 27 ሚሊሜትር ይሁን። ከታች ሲለካ ሦስተኛው ሽቦ 5 ወይም 6፣ ሁለተኛው 17፣ የመጀመሪያው 26 ሚሊሜትር ላይ ይቀመጥ። እርጥብ የጥጥ ክር ጥብቅ አድርጎ ይጠቅልልበትና ማንድሬሉን እያዞረ በቀስታ ያስገባ። ቶሎ ከገፋው «ጨክ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያ ሪድ አብቅቷል። ከዚያ ጫፉ ሳይቆረጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ፤ ወር ቢቆይ የተሻለ ነው። ያልደረቀ ሪድ ዛሬ ጥሩ ይጮኻል፣ ከነገ ወዲያ ይጣመማል።

ሲደርቅ ሽቦው ይላላል፤ በፒንሳ ያጥብቀው፣ ታችኛውን ሽቦ በክር ይጠምጥምና ኮላ ይቀባው፣ በሪመር ውስጡን ይሰርስረውና ቦካሉ ላይ 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ያህል እንዲገባ ያድርግ። ጫፉን ይቁረጥ፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 54 ሚሊሜትር ገደማ ይምጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው የመፋቅ ሥራ ነው፤ ብዙው ሪድ የሚሞተውም እዚህ ነው። መብራት ፊት ያዙት፦ መሐሉ ላይ ከታች ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ ጥላ መታየት አለበት፤ ግራና ቀኙ እኩል፣ ጫፉ ከሞላ ጎደል የሚያሳልፍ። ጥላው ወደ አንድ ወገን ካደላ በወፍራሙ በኩል ይፍቅ፣ ከሦስት ፍቂያ በላይ ሳይጫወት አይለፍ። መሐሉን፣ አከርካሪውን፣ አይንካ። ልጆች «አይጮህም» ሲሉ የሚፍቁት እሱን ነው፤ ከዚያ ሪዱ ቃና መያዝ ያቅተዋል።

ምርመራው፦ ሪዱን ብቻውን ሲነፉት ከታችም ከላይም የተደበላለቀ ጩኸት ካወጣ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ከዚያ መሣሪያው ላይ መሐለኛውን ኢና ሲ ሻርፕ ይሞክር። ወደ ታች የሚንሸራተቱ ከሆነ ሪዱ ለስልሷል ወይም ረዝሟል፤ ከጫፉ ግማሽ ሚሊሜትር ይቁረጥ። አፉ በጣም ተከፍቶ ከደከመው የመጀመሪያውን ሽቦ ከላይና ከታች በፒንሳ በትንሹ ይጫነው፣ ይዘጋል። ተዘግቶ ከሆነ ያንኑ ሽቦ ከጎንና ከጎን ይጫነው። ሁለተኛው ሽቦ ተቃራኒ ነው፦ ከላይና ከታች ሲጫኑት ጫፉን ይከፍታል። ይህን መደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ በወረቀት ጽፎ ይለጥፍ።

አያያዙም ገንዘብ ያድናል። ከመጫወቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ይንከር፤ ምራቅ አይበቃም፣ ያበሰብሳልም። ከሦስት እስከ አምስት ሪድ ይዞ እያፈራረቀ ይጫወት። አየር በሚያስገባ ሣጥን ያስቀምጥ፤ ሲገዛ በሚመጣበት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከተዘጋ ሻጋታ ያወጣል። እንዲህ ከተያዘ አንዱ ሦስት አራት ሳምንት ያገለግላል። መጀመሪያ ላይ ከአሥር ሪድ ሁለት ቢወጣለት ደግ ነው፤ አትቆጡት።

እናት_ሜሪላንድ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የሪዱን ነገር ለአባቱ አነበብኩለት፣ ዕቃውን ልንገዛለት ነው። መሣሪያው ላይስ? ሻጩ «ፎክስ ሬናርድ ነው፣ 1990ዎቹ ውስጥ የተሠራ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ» ይላል። ልጁ ደግሞ «ሄከል ነው የሚሻለው» ይላል።

ጥገና_በእጅ፦

ሄከል ለአሁኑ ይቆይ። ጀርመን ቪስባደን ቢብሪሽ ውስጥ በ1831 የተመሠረተ ቤት ነው፤ ዛሬ ባለሙያው የሚጫወተው የጀርመን ሥርዓት ባሱን የተቀረጸው እዚያ ነው። አዲሱ የመኪና ዋጋ ነው፣ ለዓመታትም ተራ ይጠበቃል። ፎክስ ኢንዲያና ውስጥ የሚሠራ ነው፤ መሥራቹ ሁጎ ፎክስ ራሱ የሺካጎ ሲምፎኒ ቀዳሚ ባሱን የነበረ ሰው ነው። ሬናርድ የተማሪ መስመሩ ነው፤ ኮንሰርቫቶሪ መግቢያ ድረስ በደንብ ያደርሰዋል። በባለሙያ ደረጃ ያለው አዲስ ባሱን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ያንን ወጪ ለማስተርስ ዓመታት ተዉት።

6,500 መጥፎ ዋጋ አይደለም፣ ከሚከተለው ካለፈ። መጀመሪያ ቡቱን እዩ፤ ከታች ያለው ሁለት ቀዳዳ ያለበት ወፍራሙ ክፍል ነው። ውሃ ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ትንሿ ቀዳዳ በጎማ የተለበጠች ናት፣ ትልቋ ባዶ ሜፕል እንጨት ናት። በባትሪ መብራት ትልቋን ውስጧን ተመልከቱ፤ ጠቁሮ ከሆነና በቀጭን እንጨት ሲነካ ልስልስ ካለ በስብሷል። የበሰበሰ ቡት ማስጠገን ሺዎች ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ትታችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ አየር። ቀዳዳዎቹን በጣት፣ አንዱን ጫፍ በመዳፍ ዘግቶ ከሌላው ጫፍ አየር በአፍ መሳብ ነው። ዊንጉ (ቦካሉ የሚገባበት ክፍል) ሲሳብ ከንፈር ላይ ተጣብቆ ጥቂት ሴኮንድ መያዝ አለበት። ቶሎ የሚለቅ ከሆነ ፓዱ (የቁልፎቹን ቀዳዳ የሚዘጋው ትራስ) ያፈሳል። ፓድ መቀየር ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ከዋጋው አስቀንሱ። ቡቱ ከታች ያለው የብረት መታጠፊያ በቡሽ ታሽጎ ነው የሚቀመጠው፤ እሱ ሲያፈስ የታችኛው ድምፅ ሁሉ ይደክማል፣ ተማሪው ግን ሪዱን ይወቅሳል።

ቦካሉን ለብቻው ፈትሹ። በታችኛው ጫፍ አጠገብ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ከተዘጋች ላይኛው ድምፅ አይወጣም። መታጠፊያው ላይ ስንጥቅ ካለ የታችኛውን ጫፍና ትንሿን ቀዳዳ በጣት ዘግቶ ውሃ ውስጥ ነክሮ በሌላው ሲነፋ ከስንጥቁ አረፋ ይወጣል። ቦካሎች በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይረዝማል፣ ድምፁም ይወርዳል። ሁለት አብረው ካልመጡ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። ከመክፈላችሁ በፊት የባሱን ጠጋኝ እንዲያየው አድርጉ፤ ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የአሮጌ ባሱን አናት ላይ ያለው ነጭ ቀለበት አንዳንዴ የዝሆን ጥርስ ነው። አሜሪካ በ2014 ሕጉን ካጠበቀች ወዲህ ያለ ወረቀት ድንበር ማሻገር መሣሪያውን ሊያስወርስ ይችላል። የ1990ዎቹ ሬናርድ ላይ ፕላስቲክ ነው፤ ለልጁ ግን ለወደፊት ይወቀው።

ከገዛችሁ በኋላ፦ ቦካሉን ሲያስገባ መታጠፊያውን ይዞ አይግፋ፣ ከሥሩ ይያዝ፤ የሚታጠፈውና የሚሰበረው እንደዚያ ነው። ሁለቱን ክፍል ሲያጋጥም ወዲያ ወዲህ አያወዛውዝ፣ እያዞረ ያስገባ። ሲጨርስ የቡቱን ውሃ በትንሿ፣ በተለበጠችው ቀዳዳ በኩል ያፍስ፤ በትልቋ ካፈሰሰ ባዶውን እንጨት ያጠጣዋል። ዊንጉን የሚጠርግበት ጨርቅ በሁለቱም በኩል ገመድ ያለው ይሁን፣ ከሰፊው ጫፍ ወደ ጠባቡ ይሳበው። ሳይዘረጋ የገባ ጨርቅ ጠባቡ ላይ ይታነቃል፤ ያን ጊዜ በኋለኛው ገመድ ስቦ መመለስ ነው። በእንጨትና በሽቦ ቆፍሮ ለማውጣት መሞከር የውስጡን ልባስ ይቀደዋል።

ፋጎት_ከጀርመን፦

ጀርመንንም ታሳቢ ያድርግ። እዚህ ባሱኑን ፋጎት ይሉታል። በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉ ኦርኬስትራዎች ወደ 130 ይጠጋሉ፤ ይህን ያህል በአንድ አገር ሌላ ቦታ አይገኝም። የመንግሥት የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ በባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ይከፍላል። መግቢያው ፈተና ነው፦ ሁለት ሦስት ሥራ፣ ፒያኖ፣ የጆሮና የቲዎሪ ፈተና። ጀርመንኛ ከአሁኑ ይጀምር።

ኦዲሽኑ ፕሮበሽፒል ይባላል፤ ያለ ግብዣ አይገባም። የአካዳሚ (ወጣቶች ከኦርኬስትራው ጋር የሚሠለጥኑበት) ወይም የልምምድ ቦታ ያልያዘ ወጣት ግብዣ ማግኘት ይከብደዋል፤ ስለዚህ መንገዱ በአካዳሚ በኩል ነው። ከአሜሪካው የሚለየው ድምፅ የሚሰጠው ኮሚቴ ብቻ ሳይሆን ተሰብሳቢው የኦርኬስትራ አባል ሁሉ መሆኑ ነው። ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 440 ኸርዝ ላይ የሚስተካከለው ኤ ኖታ እዚህ 442 ወይም 443 ነው። በ440 የተሠራ ሪድ ይዞ የመጣ ልጅ ከሌሎቹ ጋር ሲጫወት ቃናው ዝቅ ይላል፤ አጠር ያለ ቦካልና አጠር ያለ ሪድ ይዞ ይምጣ።

ሁለተኛ_ወንበር፦

የሳምንቱን ውሎ ረስቼው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሥራው የሚቆጠረው በ«ሰርቪስ» ነው፤ አንድ ሰርቪስ አንድ ልምምድ ወይም አንድ ኮንሰርት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ኦርኬስትራ በሳምንት እስከ ስምንት ሰርቪስ ያሠራል። ሲደመር 20 ሰዓት ስለሚሆን ሥራው ቀላል ይመስላል። የቤት ልምምዱን በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ሪዱን፣ የሚቀጥለውን ፕሮግራም ማጥናቱን ጨምሩበት። ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው፤ ገናና ፋሲካ ሥራ ነው። ይህን ቤተሰብ ከአሁኑ ይወቅ። ደመወዙ ከኦርኬስትራ ኦርኬስትራ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፦ ትልልቆቹ ዓመቱን ሙሉ ይከፍላሉ፣ መካከለኞቹ ከ30 እስከ 40 ሳምንት፣ ትንንሾቹ በሰርቪስ ብቻ። በሰርቪስ የሚኖር ሰው ሦስት አራት ኦርኬስትራ እያዳረሰ፣ ተማሪ እያስተማረ፣ ሪድ እየሸጠ ነው የሚኖረው፤ የሕክምና መድን የራሱ ጣጣ ነው። ስለዚህ ከሙዚቃ ጨዋታው ጎን የሙዚቃ ማስተማር ዲግሪ ቢይዝ አጥብቄ እደግፋለሁ።

ኮንትራባሱንም ይልመድ። ቱቦው ከአምስት ሜትር ይበልጣል፣ ድምፁ ከባሱን አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ መሣሪያው የኦርኬስትራው ወይም የትምህርት ቤቱ ነው፣ መግዛት አይጠበቅበትም። ተተኪ ተጫዋች ሲፈለግ ኮንትራ የሚችል ሰው ስልኩ ቀድሞ ይጠራል።

ጤናም አለ። ባሱን ከሦስት ኪሎ በላይ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ተቀምጦ ሲጫወት ወንበሩ ላይ ተነጥፎ ተጫዋቹ በሚቀመጥበት ቀበቶ ይያዛል። ቀበቶው ሲላላ ክብደቱ በግራ እጅ አመልካች ጣት ሥር ያርፋል፣ ከዓመታት በኋላ መገጣጠሚያው ይታመማል። ቁመቱን የሚያስተካክለው እንዲህ ነው፦ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ሪዱ ወደ አፉ ይምጣ፤ አፉ ወደ ሪዱ ከሄደ ቀበቶው ልክ አይደለም። ጆሮውንም ያስብበት። ባሱን የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ከትራምፔትና ከትሮምቦን ፊት ነው። ለሙዚቀኛ የሚሠራ የጆሮ መድፈኛ በጆሮው ልክ ያሠራለት፣ በዚህ ዕድሜው ይልመደው፤ በኋላ የጀመረ ሰው ቃናውን መስማት ተስኖት ይጥለዋል።

እናት_ሜሪላንድ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። የባሱን ጠጋኝ ባልቲሞር አግኝተን ቀጠሮ ይዘናል። አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለገና አዲስ አበባ ልንሄድ ነው፣ መሣሪያውን ይዞ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ከእንጨት ስለሆነ ይጎዳል?

ሸንበቆና_ሞረድ፦

እንጨቱ አይጎዳም፣ እርጥበት ከጠበቃችሁለት። የሚቸገረው ሪዱ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ በታኅሣሥና በጥር አየሩ ደረቅ ነው። ሜሪላንድ ላይ በደንብ የሚጮህ ሪድ እዚያ ሲደርስ ይደነዝዛል፣ ይከብዳል፤ ዴንቨርና ሳንታ ፌ የሚጫወቱ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ነው። ልጁ «ተበላሸሁ» ብሎ ከንፈሩን እንዳያጠብ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ስድስት ያህል ያልተጨረሱ ሪዶች ይያዝ፤ ጫፋቸው የተቆረጠ ግን ገና ወፍራም የሆነ። እዚያ ደርሶ ሁለት ቀን ይጠብቅና እዚያው ይፋቃቸው፤ ከለመደው ቀለል አድርጎ፣ በተለይ ጫፍና ጎን ላይ። ለሜሪላንድ የተሠሩትን ሁለት ጥሩ ሪዶች ግን አይንካ፣ ሲመለስ ይፈልጋቸዋል። ለአዲስ አበባ የተፋቀው ሲመለስ ይንጫጫል፣ ቃናውም ይወርዳል፤ ጫፉን ትንሽ ቢቆርጠው የተወሰኑት ይተርፋሉ። ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚሰጥ ከረጢት ያኑር፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አያስቀምጠው።

መሣሪያው አውሮፕላን ላይ ከእጅ ሻንጣ ጋር ይግባ። ቢላውንና ሪመሩን ግን ወደ ሚጫነው ሻንጣ አድርጉ፤ ፍተሻ ላይ ይወሰዳሉ።